የግራፉ ግማሽ የት ገባ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ስለሆነ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪዎችም፣ ከጅማ ከተማ የሒሳብ መምህራንም ብዙ የግራፍ ሥራ እየመጣልን ነው። እናመሰግናለን። አብሮ የሚመጣ አንድ ቅሬታ ግን አለ፦ «የግራፉ ግማሽ አልታተመም»። ቀለም አልቆ አይደለም፤ ፕሪንተሩም ደህና ነው። ስክሪኑም ላይ ግማሹ የለም።

ነገሩ የሚመጣው ኔጌቲቭ ቁጥር በክፍልፋይ ፓወር ሲነሳ ነው። የ-8 ኪውብ ሩት -2 ነው፤ -2 በ-2፣ እንደገና በ-2 ሲባዛ -8 ይሰጣላ። ስለዚህ ኤክስ^(1/3) (ኤክስ በ1/3 ፓወር፣ ማለትም ኪውብ ሩቱን) ሥራ ስንለው ከዜሮ ግራም ቀኝም መስመር እንጠብቃለን። ብዙ ሶፍትዌር ግን ቀኙን ብቻ ሠርቶ ቁጭ ይላል።

ለምን? አብዛኛው ሶፍትዌር 1/3ን እንደ ክፍልፋይ አይዘውም። መጀመሪያ ያካፍለዋል፤ ከዚያ በባይነሪ (በ0 እና በ1 ብቻ) ያስቀምጠዋል። በተለመደው የ64 ቢት አያያዝ የሚቀመጠው 6004799503160661 ለ18014398509481984 ሲካፈል ነው። ለ1/3 በጣም ይቀርባል፤ 1/3 ግን አይደለም። ታችኛውን ቁጥር ልብ በሉት፤ 2^54 ነው፣ ተጋማሽ። ላይኛው ደግሞ ኢተጋማሽ ስለሆነ አይቃለልም። የፓወሩ ታችኛው ቁጥር ስንተኛ ሩት እንደሚወጣ ይናገራል፤ የኔጌቲቭ ቁጥር ተጋማሽ ሩት (እንደ ስኩዌር ሩት ያለው) ደግሞ በሪል ቁጥሮች፣ ማለትም በቁጥር መስመር ላይ ባሉት፣ ውስጥ የለም። እንግዲህ ማሽኑን ብዙ ባንወቅሰው ይሻላል፤ ለተሰጠው ቁጥር የመለሰው መልስ ልክ ነው።

በዚህ ላይ ሶፍትዌሮቹ እርስ በርስ አይስማሙም። ፓይተን 3 እና ማትላብ ለ(-8)^(1/3) ኮምፕሌክስ ቁጥር (ሪልና ኢማጂነሪ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች ያሉት) ይሰጣሉ፤ ሪል ክፍሉ 1፣ ኢማጂነሪው 1.732 ገደማ። ነምፓይ (ፓይተን ላይ የሚጨመር የስሌት ጥቅል) «ቁጥር አይደለም» ብሎ ያልፋል። ዴስሞስ ክፍልፋዩን ስለሚለይ ሙሉውን ይሥላል። ግኑፕሎት ላይ ደግሞ 1/3 ብላችሁ ከጻፋችሁ በሙሉ ቁጥር አካፍሎ ዜሮ ያደርገዋል፤ ከዚያ 1 ላይ የተጋደመ ቀጥ ያለ መስመር ታገኛላችሁ። 1.0/3 መባል አለበት፤ ያኔም የግራው ወገን አይታይም።

«ለምን ሁሉም እንደ ዴስሞስ አያደርጉም?» ያላችሁን አላችሁ። 1/3 እና 2/6 እኩል ናቸው አይደል? -8ን ስኩዌር አድርጋችሁ 6ኛ ሩት ብታወጡ ግን 2 ይመጣል እንጂ -2 አይመጣም። እንዲህ ያለ ጣጣ ስላለ ጥንቃቄ የመረጡ ሰዎች አይፈረድባቸውም።

(-2)^ኤክስ ለሚያዙን፦ ይህ በሪል ቁጥር ተያይዞ የሚሄድ መስመር የለውም። 1 ላይ -2፣ 2 ላይ 4 ነው፤ መሃላቸው 3/2 ላይ ምንም የለም። በነጥብ እንሠራላችኋለን።

ኤክሴል የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ነገር ተጠንቀቁ። =-3^2 ብትሉት 9 ይላችኋል። በሒሳብ ደብተራችን ግን -9 ነው። ወደ ታች የሚከፈተው ፓራቦላ ወደ ላይ ተከፍቶ የሚመጣው በዚህ ነው። =-(3^2) ብላችሁ በቅንፍ ጻፉት። ቅንፍ አይቆጠብም።

ከእንግዲህ ትዕዛዝ ስታስገቡ የምትፈልጉት ኪውብ ሩቱን ከሆነ «ኪውብ ሩት» ብላችሁ ጻፉልን፤ ፓወር 1/3 አትበሉን። ሶፍትዌሮቹ ለዚሁ የተለየ ፈንክሽን አላቸው፤ በጂኦጀብራና በነምፓይ ሲ-ቢ-አር-ቲ፣ በማትላብ ኤን-ቲ-ኤች-ሩት ይባላል። ራሳችሁ ሠርታችሁ የምታመጡም ከሆነ በእነዚህ ተጠቀሙ። በዚህ ምክንያት ግማሹ የጎደለ ግራፍ በእጃችሁ ካለ ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ አስተካክለን እንደገና እናትማለን፣ የወረቀቱን ብቻ ትከፍላላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የኅትመትና የኮምፒውተር አገልግሎት ቤታችሁ
ጅማ