ቅዳሜን ሐዋሳ ላይ እናርፋለን

ሰላም ለሁላችሁ! ወደ አርባ ምንጭ በሞተር ሳይክል ስንሄድ ቅዳሜን ሙሉ ሐዋሳ እናሳልፋለን። የዚያን ቀን ሞተር አይነሳም፤ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ይቆማል።

ጠዋት 1 ሰዓት በእግር ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል እንሄዳለን። ከረፈደ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ እባካችሁ በጊዜ ተነሱ። አጥማጆቹ ቆሮሶ ዓሣውን ከመረብ ሲያላቅቁ ቆሞ ማየት፣ እዚያው ትኩስ የዓሣ ሾርባ ፉት ማለት፣ ለእኔ ከጉዞው ሁሉ ይበልጣል።

ከሰዓት ሁሉም እንደፈለገ ነው። 11 ሰዓት ላይ ታቦር ተራራ እንወጣለን፤ ከተማውም ሐይቁም ከላይ ይታያል። በሞተር ቡት መውጣት ስለሚከብድ ቀላል ጫማ ያዙ። ማታ የሞተሮቹን ካቴናና ጎማ አብረን እናያለን። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እንነሳለን።

ዓሣ የማትበሉ፣ ክፍል መጋራት የምትፈልጉም፣ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልን።