የሀሚንግበርድ መመገቢያ ለምትሰቅሉ

ሰላም ናችሁ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ የጓሮ ወዳጆች!

ኤፕሪል አጋማሽ ሳይደርስ መመገቢያውን፣ ማለትም የስኳር ውሃ መያዣውን፣ ስቀሉ፤ አንገተ ቀዩ ሀሚንግበርድ (የአበባ ወለላ የሚመጠው ትንሽዬ ወፍ) ከመካከለኛው አሜሪካ የሚመለሰው ያኔ ነው። ስትገዙ ማማሩ አያታላችሁ። ያ ረጅም ጠርሙስ ቆንጆ ነው፣ ግን እጅ የማይገባበትን ነገር ማን ያጥበዋል? ክዳኑ ተነስቶ እንደ ሳህን የሚታጠበውን ጠፍጣፋውን ውሰዱ።

1 ኩባያ ነጭ ስኳር በ4 ኩባያ ውሃ፣ በቃ። ማር ለጠጅ ይሁን፤ እዚህ ቶሎ ይበላሻል። ቀይ ቀለምም አያስፈልግም።

ጥላ ያለበት ቦታ ይሻላል፣ ምክንያቱም በጁላይ ሙቀት ስኳሩ በ2 ቀን ይደፈርሳል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ወይ ነጭ ክር መሳይ ነገር ካያችሁበት ደፍታችሁ፣ ቀዳዳዎቹን ሳይቀር በሙቅ ውሃና በብሩሽ ፈትጉት። ጉንዳን ካስቸገረ ከላይ ውሃ የሚይዝ ትንሽ ኩባያ አንጠልጥሉ እንጂ ዘይት አትቀቡ፣ ላባቸውን ያበላሻል።

አንዱ ጉልበተኛ ወንድ ሌሎቹን እያባረረ ብቻውን ከያዘው (ይይዘዋል!)፣ ሁለተኛ መመገቢያ ከዓይኑ ውጪ፣ ከቤቱ ማዶ ስቀሉ።

ደግሞ «መመገቢያውን ካላነሳነው ወደ ደቡብ አይሄዱም» የሚባለው ወሬ ነው። የሚሄዱት ቀኑ ሲያጥር ነው። እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ተውት።