«ጊዜው ያለፈበት» ስንል የትኛውን ቀን ማለታችን ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ያለፈ ምግቦችን ስለመግዛትና ስለመመገብ በጋዜጣችሁ የሚወጡ ጽሑፎችን በትኩረት እከታተላለሁ። ሸማቹን ለማስጠንቀቅ የምታደርጉትን ጥረት ባደንቅም፣ በጽሑፎቹ ውስጥ አንድ ስሕተት ይደጋገማል። በማሸጊያ ላይ የታተመ ቀን ሁሉ «ጊዜው ያለፈበት» በሚል አንድ ሐረግ ይጠቀለልና፣ ቀኑ ያለፈ ደረቅ ማካሮኒ ቀኑ ካለፈ የታሸገ ጥሬ ሥጋ ጋር እኩል ይኮነናል።

ምግብን የሚመለከቱ ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ አሊመንታሪየስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ባወጣውና በ2018 ባሻሻለው የታሸጉ ምግቦች ገላጭ ጽሑፍ ደረጃ፣ ሁለት ቀኖችን ለይቶ አስቀምጧል። አንደኛው «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው የጥራት ቀን ሲሆን፣ ያልተከፈተ ምርት በታዘዘው መንገድ እስከተቀመጠ ድረስ ጣዕሙንና ባሕርዩን ጠብቆ የሚቆይበትን ጊዜ ያመለክታል፤ ቀኑ ካለፈም በኋላ ምግቡ ለመብላት የሚስማማ ሊሆን እንደሚችል ደረጃው ራሱ ይገልጻል። ሁለተኛው የመጠቀሚያ ቀነ ገደብ ነው፤ እርሱ ካለፈ ምርቱ ሊሸጥም ሊበላም አይገባውም። ኮምጣጤና አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ደግሞ ቀን እንዲጻፍባቸው እንኳ አይገደዱም።

ይህን ልዩነት ባለማወቄ እኔ ራሴ ለዓመታት ተሳስቻለሁ። ቀኑ በሁለት ሳምንት ያለፈ ፓስታ ቆሻሻ ውስጥ ጥዬ፣ በዚያው ምሽት ከተከፈተ ስምንት ቀን የሞላውን የካርቶን ወተት «ቀኑ ገና ነው» ብዬ ጠጣሁ፤ ሁለት ቀንም አልጋ ላይ ዋልኩ። ምክንያቱ ወተቱ ለመሆኑ የምርመራ ማስረጃ የለኝም፤ ነገር ግን ካርቶኑን መልሼ ሳነበው፣ ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ እንዳለበት በደቃቅ ፊደል ተጽፎበት ነበር። የታተመው ቀን የሚያገለግለው ላልተከፈተ ዕቃ መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት።

«አሽትቼ አውቀዋለሁ» የሚለው ልማድ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ምግብን የሚያበላሹት ተሕዋስያንና ሰውን የሚያሳምሙት ብዙውን ጊዜ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሽታውን ይለውጣሉ፣ ያሟልጩታል፣ ያኮመጥጡታል፤ በዚህም ሳያስቡት ያስጠነቅቁናል። ሁለተኛዎቹ ግን ምግቡ ምንም ሳይሸት ለሕመም በሚያበቃ መጠን ሊራቡ ይችላሉ። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ውስጥም ቀስ እያለ ስለሚያድግ፣ ሳይሞቁ በሚበሉ የቀዘቀዙ ምግቦች ላይ ቀነ ገደቡን ማክበር በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን የሕይወት ጉዳይ ነው። «ደህና አድርጌ አፈላዋለሁ» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ ምግብ ውስጥ የሚተወው መርዝ መፍላትን ይቋቋማል፣ ከሻገተ እህል ወይም ኦቾሎኒ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝም በተለመደው አበሳሰል አይጠፋም። ምግብ የታሸገበት ቆርቆሮ ካበጠ ቀኑ ምንም ይበል ምን፣ ሳይከፈትና ሳይቀመስ መጣል አለበት፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ሰውነትን ሽባ የሚያደርግ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው መርዝ በጥቂቱ እንኳ ይገድላልና። በአንጻሩ ያልዛገ፣ ያልተጨረመተና ያላበጠ ቆርቆሮ የጥራት ቀኑ ካለፈ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል።

ቀኑ የሚጸናው አቀማመጡ ሲከበር ብቻ መሆኑም ይዘነጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚበላሹ ምግቦች ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቀመጡ፣ የበሰለ ምግብም ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ እርጎ ቀነ ገደቡ ገና አሥር ቀን ቢቀረው ያ ቀን ምንም ዋስትና አይሆነውም። የሕፃናት የዱቄት ወተትን በተመለከተ ግን ድርድር አያስፈልግም። ቀኑ ካለፈ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች በጣሳው ላይ በተጻፈው መጠን ላይገኙ ስለሚችሉ፣ ሌላ ምግብ ለማይቀምስ ሕፃን መስጠት ተገቢ አይደለም።

ስለ ሻጮችም አንድ ነገር ልበል። የጥራት ቀኑ ያለፈ ብስኩትን ለይቶ አስቀምጦ፣ ማለፉን በግልጽ ጽፎ፣ በቅናሽ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የአገሩ ሕግ እስከፈቀደለት ድረስ፣ በእኔ ግምት ማንንም አልበደለም፤ እንዲያውም ገቢው ዝቅተኛ የሆነን ሸማች ይጠቅማል። ቀኑን በአሴቶን አጥፍቶ ሌላ የሚያትመው ወይም ስቲከር የሚለጥፍበት ግን ምግቡ ደህና ቢሆን እንኳ አጭበርባሪ ነው፣ ምክንያቱም ገዢው ራሱ አመዛዝኖ የሚወስንበትን መረጃ ነጥቆታል። አምራቾችም ቢሆኑ ከነቀፋ አያመልጡም፤ 04/05 ብለው ሲያትሙ የትኛው ቀን፣ የትኛው ወር እንደሆነ ገዢው በምን ያውቃል? የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል?

ስለዚህ ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ወደፊት «ጊዜው ያለፈበት ምግብ ተያዘ» የሚል ዜና ስታወጡ ያለፈው ቀን የጥራት ቀን ይሁን የመጠቀሚያ ቀነ ገደብ፣ ምግቡ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ ተቀምጦ እንደተገኘ፣ ቀኑም ተቀይሮበት እንደሆነ አብራችሁ ብትገልጹልን እያልኩ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ