የቦሩ ሜዳ ታሪክ ከጉባኤው ጋር አያልቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በ1870 ዓ.ም. ስለተካሄደው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ላይ ሆኜ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የጉባኤውን ምክንያትና ውጤት በሚገባ አስረድተዋል፤ በዚህ ረገድ የምነቅፈው የለኝም። ነገር ግን ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሊቃውንቱና ስለ መኳንንቱ ሲተርክ፣ በዚያ ሜዳ ላይ አርሶ፣ ከብት አርብቶ፣ ወልዶና ቀብሮ ስለሚኖረው ሕዝብ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ጣል ሳያደርግ አልፏል። ስለ ቦሩ ሜዳ ያነበብኳቸው ሌሎች ጽሑፎችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም፤ ነገሥታቱ ድንኳናቸውን ነቅለው ሲሄዱ ታሪኩም አብሮ ይነሣል። እንዲህ ያለ የገጠር ሰፈር ግን የራሱ ታሪክና በስም የሚታወቅ ሕዝብ ያለው ሲሆን፣ ይህንኑ ለመጻፍ የሚያስችለው ማስረጃ አሁንም በየቤቱ ይገኛል፤ ብዙ የሚቆይ ግን አይመስለኝም።

ጉባኤውን ራሱን ከባላገሩ ወገን ሆኖ ማየት ይቻላል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ከታረቁ በኋላ፣ በግንቦት ወር ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በዚህ ደጋ ተገናኙ። ለረጅም ዘመን ካህናቱን ሲከፋፍል የኖረው የሃይማኖት ክርክር በተዋሕዶ ረቺነት ተዘጋ፤ ክርስቶስ ሦስት ጊዜ ተወልዷል የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ታወጀ። ከወሎ መሪዎች ኢማም መሐመድ ዐሊ ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አንሥተዋቸው ሚካኤል፣ ኢማም አመዴ ሊበን (አባ ዋጠው) ደግሞ ንጉሥ ምኒልክ ክርስትና አንሥተዋቸው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ይህን ሁሉ መጻሕፍት ይነግሩናል። ይሁንና ግንቦት በወሎ ደጋ የበልጉ እህል ገና ያልደረሰበት፣ የመኸሩ ደግሞ ከጎተራ የሚሟጠጥበት ወር መሆኑን የዚህ አገር ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የሁለት ነገሥታት ሠራዊት ከነፈረሱና ከነአጋሰሱ በዚያ ወር ሜዳው ላይ ሲሰፍር ገብሱን ያቀረበው፣ የከብቱን ግጦሽ ያጣው፣ ተሰሪ (በባላገር ቤት የሚያርፍ ወታደር) የተቀበለው ማን ነበር? ከዐዋጁ በኋላስ ስንቱ ስሙን ለወጠ፣ ስንቱ ቀዬውን ለቅቆ ወደ ቆላ ወረደ፣ ስንቱ እነ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ወዳነሡት ተቃውሞ ተቀላቀለ? ዛሬ በወሎ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ መሐመድና ገብረ ማርያም ተከታትለው ሲጠሩ የሚደነቅ የለም፤ አንዱ ስም ከሌላው ጋር መቼና በምን ምክንያት እንደተከታተለ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ሕዝቡን በቁጥር ልፈልገው ያለ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይርቅ ይገታል። በአገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ጊዜያቱም ግንቦት 1976፣ ጥቅምት 1987 እና ግንቦት 1999 ዓ.ም. ናቸው። በመጨረሻው ቆጠራ ደሴ 151,174 ነዋሪ ነበራት፤ ከዚህ ውስጥ 120,095ቱ ከተሜ ሲሆን ቀሪው 31,079 ሕዝብ በሥሯ በተካለለው ገጠር የሚኖር ነው። የደሴ ዙሪያ ወረዳ 157,679፣ መላው ደቡብ ወሎ ዞን ደግሞ 2,518,862 ሕዝብ ነበራቸው። ኮምቦልቻም እንዲሁ በ85,367 ድምር ውስጥ ከከተማው 58,667 ነዋሪ ጋር ብዙ የገጠር ሰው አብራ ይዛለች። እነዚህ ቁጥሮች ለበጀት ድልድልና ለትምህርት ቤት ዕቅድ የሚበቁ ይሆናሉ። አንድ ጎጥ በአያቶቻችን ዘመን ስንት ጭስ (አባወራ) እንደነበረው፣ መቼ እንደሰፋና መቼ እንደሳሳ ለሚጠይቅ ሰው ግን ምንም መልስ የላቸውም። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢያዝም፣ አራተኛው በሰኔ 2011 በሕዝብ ተወካዮችና በፌዴሬሽን ምክር ቤቶች ውሳኔ ከተራዘመ ወዲህ ሳይካሄድ ቆይቷል፤ ያለን መረጃ እርጅናውም ከዚህ የመጣ ነው።

ከእርጅናው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቆጠራዎች የወደቁበት ጊዜ ነው። ቆጣሪዎች በግንቦት 1976 በየቤቱ ሲዞሩ ድርቁ ወሎ ውስጥ ገብቶ የነበረ ቢሆንም፣ እልቂቱ የከፋው ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ነው። ቀጥሎም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ ፕሮግራም ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ከተወሰደው 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወሎ ሰው ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ የመጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለፈው ዐሥር ዓመት ከመንፈቅ የሞተውን፣ የተወሰደውን፣ ከሰፈራ ጠፍቶ በእግሩ የተመለሰውንና ሲመለስ መሬቱ ለሌላ ተሰጥቶ ሌላ ቀዬ የገባውን ሁሉ ይዞ አለፈ። በዚያው ጊዜ የተወለደው ሕፃን በድምሩ ላይ የጠፋውን ይተካል፤ ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ሕዝቡ አደገ ብሎ ያልፋል። በአገር አቀፍ ቁጥር ላይ በዚያ ዘመን የደረሰው እንደ ትንሽ ጉድለት ሊቆጠር ይችላል፤ በጥቂት ጭስ ሰፈር ግን ግማሽ መንደር ማለት ሊሆን ይችላል።

በ1999 ዓ.ም. መምህር ስለነበርኩ በቆጣሪነት ተመድቤ በገጠር ቀበሌ ሠርቻለሁ። ቅጹ ዕድሜን በዓመት ይጠይቃል፤ በዕድሜ የገፉት ሰዎች ግን ዕድሜያቸውን የሚያውቁት በዓመት አይደለም። አንዲት እናት «የመጀመሪያዋን በስድሳ ስድስቱ ክፉ ቀን ጡት አስጣልኳት፤ ይኸኛው የሰባ ሰባቱ ነው፤ መሐል ያለውን አላህ ወሰደው» ሲሉኝ፣ እኔ በቅጹ ላይ ያሰፈርኩት ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። አጠገባቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው በጣሊያን ጊዜ ከብት ይጠብቁ እንደነበር ነገሩኝ፤ እሱም ወደ ዓመት ተቀየረ። ቅጹ የታዘዘውን ሠርቷል፤ የመንደሩ ታሪክ ግን ወደ ቁጥር ሲለወጥ የቀረው ንግግር ውስጥ ነበር፤ ያንን የሚጽፍ ሌላ ሰው አብሮን አልተላከም።

የቀበሌው ወሰንም ጉዳዩን ያወሳስበዋል። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም መለኪያው የቆዳ ስፋት ነበር፤ አንድ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር እንዲይዝ ተደረገ። በመሆኑም በአንድ ምንጭ ሲቀዳና በአንድ መቃብር ሲቀብር የኖረ ሰፈር ለሁለት ማኅበራት ሊከፈል፣ የማይተዋወቁ ጎጦች ደግሞ በአንድ ሊጠቃለሉ ቻሉ። ከዚያ ወዲህ ቀበሌዎች ተዋሕደዋል፣ ተከፍለዋል፣ ከወረዳ ወደ ከተማ አስተዳደር ተዛውረዋል። ጎጡ ባለበት ሳለ የሚጻፍበት መዝገብ እየተለዋወጠ በመምጣቱ፣ የአንዱን ዘመን ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር ከሚመስለው በላይ አድካሚ ነው።

ታዲያ ማስረጃው የት ነው? እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው የቅሬ መዝገብ ነው። ለማያውቀው አንባቢ፣ ቅሬ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበትና የሚያስተዛዝንበት ማኅበር ነው። በአንድ የቅሬ ዳኛ ቤት ያየሁት ደብተር በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሣጥን ሥር ይቀመጣል፤ ዳሩ በአይጥ ተበልቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ቀለም ወደ ቡናማ ተለውጦ በጭላንጭል ካልሆነ አይነበብም። አባወራው ሲሞት ስሙ ላይ አንድ መስመር ይሰመርና ከጎኑ «ልጁ ተተካ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወራሽ ከሌለ «ቤቱ ተዘጋ» ይላል። ቀብር የቀረ ሰው የተቀጣው ገንዘብ፣ ለለቅሶ የወጣው እንጨትና ውኃ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የተመዘገበው እንግዳና ዋስ የሆነው ሰው ሁሉ ይገኝበታል። በእርግጥ መዝገቡ ሕፃናትን አያሰፍርም፣ ሴቶችም ባል ሲሞትባቸው ካልሆነ በስማቸው አይታዩም፤ ነገር ግን የቤቱን ቁጥር ከዓመት ዓመት ለመከተል ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ አላውቅም። የሴቶቹን ጉድለት በከፊል የሚሞላው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሆን፣ በእሱ ላይ ባልና ሚስት በጋራ ተመዝግበዋል። የክርስትና መዝገብ፣ የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ በየመድረሳው የሚገኘው የተማሪዎች ስምም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

ስለ ቦሩ ሜዳ በተለይ ሲነገር ሆስፒታሉም አይዘለልም። በሥጋ ደዌ ሕክምናው ከታወቀበት ዘመን ጀምሮ ብዙ ሕሙማን ከሩቅ አገር ወደዚያ ተጉዘዋል። የእነርሱ ታሪክ የቦሩ ሜዳ ታሪክ አካል ሆኖ ሲጻፍ አላየሁም፤ ምክንያቱን መገመት ከባድ ባይሆንም ተገቢ ነው ግን አልልም።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የሕክምና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ብዙ ሰነድም ወድሟል። በግለሰብ ሣጥን ያለው ደብተር ከዚያ ያመለጠው ማንም ዋጋ ስላልሰጠው ይመስለኛል። ሆኖም የቅሬ ዳኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ወጣቱም ገሚሱ ዐረብ አገር፣ ገሚሱ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመሆኑ ደብተሩን የሚረከብ ሰው እየጠፋ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ለሚመለከተው የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት ነው፦ አራተኛው ቆጠራ ሲካሄድ ውጤቱ እስከ ጎጥ ድረስ ተዘርዝሮ ይውጣ፤ የቀበሌ ወሰን በተለወጠበት ቦታ ሁሉ የቀድሞው ወሰንም አብሮ ይመዝገብ። ሁለተኛው ለጋዜጣችሁ ነው። አንባቢዎች የየመንደራቸውን የቅሬ መዝገብ በስልክ ፎቶ አንሥተው፣ የባለቤቶቹን ፈቃድ አግኝተውና የግለሰቦችን ስም ሸፍነው የሚልኩበት አንድ ዓምድ ብትከፍቱ፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ታሪክና ጂኦግራፊ የሚያጠኑ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚጀምሩበት ነገር ያገኛሉ። እኔም ከላይ የጠቀስኩትን ደብተር የቅሬው ዳኛ ከተስማሙ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከደሴ