ለልጄ፦ ሲባጎው ከሚወጠርበት ቁሚ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በሕንፃ ግንባታ ሙያ መመደብሽንና ትምህርት መጀመርሽን ሰምቼ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አባትሽ ለጎረቤት «ዩኒቨርሲቲ ስላልመጣላት ነው» እያለ ሲያስረዳ ብሰማው ግን ተቆጣሁት። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። የቀረው ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነበር ሊለን ነው? ሙያ ልትማሪ ገብተሻል፤ ማንም ከንፈር እንዲመጥልሽ አልፈልግም።

ሆኖም አንድ ነገር ሆዴን ይበላኛል። ግንባታ ቦታ ላይ ሴት ሞልታለች። አሸዋ የምትነፋው፣ ብሎኬት የምታቀብለው፣ አርማታ በባሬላ የምታመላልሰው እሷ ናት። የግንበኛ ማንኪያ የያዘች ሴት ግን ፈልገሽም በቀላሉ አታገኚም። አዲስ አበባ ላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ እኔም ጀሞ ላይ ባሬላ ተሸክሜአለሁ። ከጎኔ የነበሩት ጎበዛዝት ዛሬ ተሸክመው ነገ የግድግዳ ቀጥነት የሚለካበትን ቱንቢ እያዩ፣ ቀስ በቀስ ግንበኛ ሆኑ። እኛን ሴቶቹን ግን ጠጋ ብለሽ እዪ ያለን አልነበረም።

አንቺም ለትብብር ስልጠና ወደ ድርጅት ስትላኪ ይህ ይገጥምሽ ይሆናል። ስልጠናው 70 በመቶው በተግባር ነው ይባላል፤ ተግባሩ ምን እንደሚሆን ግን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ፎርማኑ ነው። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ውሃ አምጪ» ቢልሽ አምጪ፤ መታዘዝ ነውር የለውም። አምጥተሽ ስትጨርሺ ግን ከተሸካሚዎቹ ጋር አትቀመጪ። ሲባጎው ከሚወጠርበት ሄደሽ ቁሚ። «ጋሼ፣ ይህን መስመር እኔ ልሞክረው» በይ። ቢከለክልሽ በማግስቱ ደግመሽ ጠይቂ። ጨርሶ እምቢ ካለ ለአሰልጣኝሽ ንገሪ፤ የተላክሽው ሙያ ልትለምጂ ነውና።

ቆመሽ ስታዪ ዓይንሽን ማዕዘኑ ላይ አድርጊ። ጥሩ ግንበኛ ከማዕዘኑ በአንዱ በኩል 60፣ በሌላው በኩል 80 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ከመጣ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ከዚያ የዳርና የዳሩን ብሎኬት በውሃ ልክ አስተካክሎ ያስቀምጥና ሲባጎውን ይወጥራል፤ የመካከሉ ሁሉ በሲባጎው ይሄዳል። የላይኛው ብሎኬት የታችኛውን መገጣጠሚያ መሸፈን አለበት፤ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ላይ ከወደቀ ግድግዳው እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ታች ላይ የታለፈች ትንሽ ጥመት ፎቅ በወጣች ቁጥር ትሰፋለች፤ መጨረሻ ላይ ለሳኙ በወፍራም ልስን ይደብቃታል፣ የስሚንቶውን ዋጋም ባለቤቱ ይከፍላል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ስትዘገዪ ቢስቁብሽ አትሸበሪ። ልኩን ያዢ፤ ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል።

ሌላው የአርማታ ነገር ነው። ሠራተኛ ሲደክመው አካፋው እንዲቀልለት ብሎ ውሃ ይጨምራል። አርማታው ይቀጥናል፣ ሲጠነክርም ደካማ ይሆናል። ባየሽ ጊዜ ዝም አትበዪ። የፈሰሰው ምሰሶና የፎቅ ወለል፣ ኮሎንና ሶሌታ የሚሉት፣ ደግሞ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ይህን ሥራ ሁልጊዜ የሚሰጡት ለሴቶች ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግሯቸውም። እኔ አርማታ በፀሐይ ደርቆ የሚጠነክር ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሚጠነክረው ስሚንቶው ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ነው፤ ቶሎ ከደረቀ ጥንካሬው ይቀራል። ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ምክንያቱን ብናውቅ ኖሮ ያን ውሃ ማጠጣት እንደ ተራ ሥራ ባልቆጠርነው ነበር። አንቺ ለምንድን ነው ብለሽ ሳትጠይቂ ምንም አትሥሪ።

እጅሽን ጠብቂልኝ። እርጥብ ስሚንቶ ቆዳ ይበላል፤ ጓንት አድርጊ፣ ሳይደርቅም ታጠቢ። ከባሕር ዛፍ አጣና የታሰረ መወጣጫ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ማሰሪያውን በእጅሽ ነቅነቅ አድርጊው። ሥራ ስትቀጠሪም የራስ ቆብና ጓንት ከራስሽ ኪስ እንድትገዢ የሚያዝሽ ካለ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የአሠሪው ግዴታ እንዳደረገው ንገሪው። በትሕትና ንገሪው፤ ግን ንገሪው።

ፈተና ስትጨርሺ የብቃት ምዘናውን ሳትወስጂ እንዳትመጪ። «ብቁ» የሚለው ወረቀት ከሌለሽ የእጅሽን ሙያ በየደረስሽበት እንደ አዲስ ማስረዳት ይሆንብሻል፤ ሴት ስትሆኚ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። ንድፍ ማንበብንም አታቃልዪ። ብዙ ጎበዝ ግንበኛ አውቃለሁ፤ ንድፍ ስለማያነብ ብቻ ዕድሜ ልኩን የሌላ ሰው ትእዛዝ ጠባቂ ሆኖ የቀረ።

በሚመጣው ሰው ባለ 5 ሜትር መለኪያና ጥቂት ገንዘብ ልኬልሻለሁ። መለኪያውን ለማንም አታውሺ። የትብብር ስልጠናው የት እንደሚሆን ስታውቂ ወዲያው ጻፊልኝ፤ አካባቢውን የማውቀው ከሆነ ማደሪያ የሚፈልጉልሽ ሰዎች አሉኝ።

የምትወድሽ እናትሽ
ደብረ ብርሃን