ለአረጋውያን ጭፈራ ቦታ ይሰጥ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በደሴ ዙሪያና በቃሉ ገጠር ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች እርሻውንና ከብቱን ለልጆቻቸው ካስረከቡ በኋላ ብዙዎቹ ቀኑን መደብ ላይ ተቀምጠው ያሳልፋሉ። «አርፈው ይቀመጡ» የምንላቸው ከአክብሮት ነው። ነገር ግን ጉልበታቸውን የሚያደክመው ይኸው መቀመጥ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴም በሳምንት 3 ቀን። «ስፖርት ይሥሩ» ብንላቸው የልጆች ነገር ይመስላቸዋል፤ ጭፈራን ግን ያውቁታል። ሰርግ ቤት ከበሮ ሲመታ የአዛውንቶቹ ትከሻ ምን እንደሚሆን ያላየ የለም! እግር ማንሳትና መጣሉ፣ መዞሩ፣ ጭብጨባው ሚዛን እንዲጠብቁና እንዳይወድቁ ይረዳል። ጉልበቱን የሚያመው ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እስክስታ ይምታ፤ ትከሻውና ጀርባው ይፍታታል። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም በሆኑበት በወሎ፣ ዜማ ከሌላ ቦታ አንበደርም።

ስለዚህ የቅሬ (የእድር) መሪዎቻችንን እማጸናለሁ፤ ቅሬ ለቀብር የሚሰበስበንን ያህል በሕይወት ላሉትም ይሰብስበን። ገበያ በማይውልበት ቀን ደልዳላ ሜዳ ይመረጥ፤ እናቶች ለብቻቸው መሆን ከፈለጉም ይከበርላቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ አስቀድመው የደም ግፊት ይለኩ፤ የሚያዞረው ወይም ደረቱን የሚያመው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ