«በባዶ ሆድ ይምጡ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ለደም ምርመራ በሚቀጠር ታካሚ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ነገ በባዶ ሆድ ይምጡ» የሚል ብቻ ነው። ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ውኃስ? ቡናስ? የግፊት ኪኒንስ? መልሱን ታካሚው ከጎረቤት ይጠይቃል። ጠዋት ደም ስንቀዳ አንዱ ከማታ ጀምሮ ከንፈሩን እንኳ ሳያርስ ይመጣል፤ ሌላው «ስኳር የለውም» ብሎ አንድ ስኒ ቡና ፉት ብሎ ይመጣል። ሁለቱም የተባሉትን የፈጸሙ ይመስላቸዋል።

ውኃ ይጠጣል። የደም ስኳርንም ቅባትንም አይለውጥም። ከቤት ከመውጣት በፊት አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ቢጠጣ ለታካሚውም ለቀጂውም ይበጃል። ውኃ ያጠረው ሰው ደም ሥሩ በቀላሉ አይገኝም፤ ክንዱ ታስሮ፣ ጡጫውን ጨብጦ፣ መርፌው ሁለት ሦስት ቦታ ይገባል። እንዲህ በመከራ በተቀዳ ደም ውስጥ ቀይ ሕዋሳት ይፈነዳሉ፣ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይፈስሳል፣ ማሽኑም በታካሚው ሰውነት ውስጥ የሌለ የፖታሲየም ከፍታ ያነባል። ጠበልም ማር ወይም ሌላ ነገር እስካልተቀላቀለበት ድረስ ውኃ ነው። ከአምቦ ውኃ ተራውን እንመርጣለን፤ ጣዕም የገባበት ለስላሳ መጠጥ ግን ጨርሶ ይቅር። ተልባ፣ አጥሚት፣ በሶ በጥብጦ መጠጣት ምግብ መብላት ነው። (ይህ ሁሉ ለደም ምርመራ ነው። ለቀዶ ሕክምና ወይም ለኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ዕቃ ገብቶ ለሚደረግ ምርመራ) «ውኃም አይጠጡ» ከተባለ ትእዛዙ እንደተባለው ይከበር።)

የሚያከራክረው ቡናው ነው። ስኳር የሌለው ቡና ካሎሪው ኢምንት ነው፤ እውነት ነው። ካፌይኑ ግን አድሬናሊንን ያነሣሣል፣ የኢንሱሊንንም ሥራ ለጊዜው ያዳክማል፤ የደም ስኳርም ከፍ ሊል ይችላል። በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይታይም፤ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። 104 የወጣለት ሰው ያለ ቡናው 97 ይሆን እንደነበር ከውጤቱ ላይ ማወቅ አይቻልም። ብዙ ቦታ በሚሠራበት መለኪያ በጾም ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ምርመራ ከተረጋገጠ ደግሞ የስኳር በሽታ ነው። ስለዚህ ጥቂት ቁጥር ሰውን ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ያሻግራል። ሻይም ያለ ስኳር ቢሆን ቅጠሉ ካፌይን አለው። ማኪያቶ ወተት፣ የገጠሩ የቅቤ ቡና ደግሞ ስብ ነው። ሲጋራና ጫትም ስኳሩን ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ ከቀጂው ከተመለሱ በኋላ ይድረሱ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ቅባት ስለሚያንሩ ቢያንስ ከዋዜማው ጀምሮ ይታለፉ።

ሰዓቱ ደግሞ በልክ ይሁን። ለስኳር ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ለደም ቅባት በጾም ከታዘዘ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይበቃል። ማታ 2 ሰዓት ላይ እራት የበላ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ቢቀዳ ልክ 12 ሰዓቱ ነው። በ12 ሰዓት እራቱን ጨርሶ፣ በማግስቱ እስከ 5 ሰዓት ወረፋ የሚጠብቅ ግን 17 ሰዓት ይሞላዋል፤ ይህ ከሚፈለገው አልፏል።

ዐቢይ ጾም ላይ «እኔማ ጾመኛ ነኝ» የሚሉን አሉ። የሽሮና የሱፍ ፍትፍት እራት የጾም ምግብ ቢሆንም ለላቦራቶሪ ያው እራት ነው፤ ሰዓቱ ከእሱ በኋላ ይቆጠራል። እስከ 9 ሰዓት ውኃም የማይቀምስ ጾመኛ ማታውን ደህና አድርጎ ውኃ ጠጥቶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢመጣ ይሻለዋል። በረመዳን ሱሁር የበላም ከዚያ 8 ሰዓት ቆጥሮ መምጣት ይችላል፤ ሆኖም የጾም ስኳር ከሰዓት በኋላ ከጠዋቱ ዝቅ ብሎ የመገኘት ዝንባሌ ስላለው ለመጀመሪያ ምርመራ ጠዋቱን እንመክራለን።

ለሁሉም ምርመራ መራብ አያስፈልግም። የደም ሴል ቆጠራ፣ የወባ፣ የደም ዓይነት፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚባለው ኤችቢኤዋንሲ ጾም አይጠይቁም። ከሩቅ ወረዳ ሌሊት ተነሥቶ በባዶ ሆድ አውቶቡስ ላይ ሲያጥወለውለው ያደረ ሰው የታዘዘለት የደም ሴል ቆጠራ ብቻ ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል።

የስኳር ታካሚዎች ጉዳይ ግን ከሁሉም ይብሳል። የግፊት ኪኒን ሐኪሙ ካልከለከለ በሰዓቱ በውኃ ይዋጣል። ኢንሱሊንንና ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን ግን በባዶ ሆድ ወስዶ ወረፋ መያዝ ስኳሩን ከመጠን በታች ሊያወርደው ስለሚችል አደገኛ ነው፤ የጠዋቱን መጠን እንዴት እንደሚወስዱ ቀጠሮ ሲያዝ ሐኪሙን ይጠይቁ፣ ቁርሳቸውንም ይዘው ይምጡ። ላብ ላብ ካላቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ምርመራው ይቅር፤ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ።

ጤና ተቋማትን የምንጠይቀው ቀላል ነው። የመጨረሻው ምግብ ሰዓት፣ ውኃ መፈቀዱ፣ ቡናና ሻይ መከልከሉ፣ የመድኃኒቱ ጉዳይ በቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ቀጂውም ክንድ ከማሰሩ በፊት መቼ እንደበሉና ምን እንደጠጡ ይጠይቅ፤ ቡና ጠጥቻለሁ ያለውንም አይቆጣ፣ የተቆጡት ሰው በሚቀጥለው ይደብቃል።

የእኛም የሥራ ክፍል ከዚህ አይወጣም። የተቀዳ ደም ፈሳሹ ከሕዋሳቱ ሳይለይ በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ ሕዋሳቱ ስኳሩን መብላታቸውን ስለማያቆሙ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ታካሚው ሌሊቱን ጾሞ 128 የነበረው ስኳሩ ሁለት ሰዓት መደርደሪያ ላይ ከቆየ 113 አካባቢ ይነበባል። ሕዋሳቱ ስኳሩን እንዳይበሉ ተብሎ የተሠራው ባለ ግራጫ ክዳኑ የፍሎራይድ ቱቦም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይህን ሙሉ በሙሉ አይገታውም። ቱቦው በረዶ ውስጥ ገብቶ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሴንትሪፉጅ ይደረግ (ፈሳሹን ከሕዋሳቱ በሚለየው ማሽን ይሽከርከር)።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ